ስምንት ደቂቃ ከጣና ዳር፦ የኮርስ ዘጋቢ ፊልም ከሐሳብ እስከ ርክክብ

በየዓመቱ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጋመስ ባሕር ዳር ላይ ከግቢ ወጥተው ወደ ጣና ሐይቅ የሚወርዱ ተማሪዎችን አያለሁ። አንዱ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ አንዷ ትራይፖድ ተሸክማለች፤ የቀሩት ስልካቸውን ይዘው ይከተላሉ። ስለ ምን እንደሚሠሩ ስጠይቃቸው መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ "ስለ ጣና።" እኔም በተማሪነቴ ያንኑ መልስ ሰጥቼ፣ ገዳሙንም እምቦጩንም ዓሣውንም የጀንበር መጥለቂያውንም በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አጭቄ አስረክቤያለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ መምህራችን "ያምራል። ግን ማንን አገኛችሁ?" አለን። አምስት ሆነን ተቀምጠን አንዳችንም መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ቡድኖችን ሥራ አይቻለሁ፣ አንዳንዱንም ረድቻለሁ። ከዚህ በታች ያለው ከሦስት እስከ አምስት ሆናችሁ፣ በስልክ ወይም ከትምህርት ክፍሉ በተዋሳችሁት ካሜራ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ስምንት ደቂቃ ገደማ የሚሆን ፊልም እንደምትሠሩ አስቤ የጻፍሁት ነው። ምሳሌዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፦ በሐይቁ ዳር ከደንገል፣ ውሃ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ተክል፣ ታንኳ የሚሠራ ሰው።

ከርዕስ ወደ ጥያቄ

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። በውስጡ ደሴቶች፣ ገዳማት፣ የዓሣ ማጥመጃዎችና የጀልባ መንገዶች አሉ፤ ዓባይም ከዚያ ይወጣል። ይህን ሁሉ በስምንት ደቂቃ ለማሳየት የሚነሣ ቡድን ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ደቂቃ አይደርሰውም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

"ታንኳ" ርዕስ ነው፤ በርዕስ ፊልም አይቀረጽም። "ደንገሉ ከዳርቻው እየራቀ ሲሄድ ይህ ሰው ሥራውን እስከ መቼ ይይዘዋል?" ግን ጥያቄ ነው። ከጥያቄው ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ሥራና አንድ ስጋት ወዲያው ይወጣሉ። ሐሳባችሁን ለመፈተን ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰውየው በእጁ የሚሠራው፣ ካሜራ የሚያየው ሥራ አለ? በመጀመሪያው ደቂቃና በመጨረሻው ደቂቃ መካከል የሚለወጥ ነገር አለ? ከዶርም ተነሥታችሁ በአንድ የባጃጅ ጉዞ ትደርሱበታላችሁ? ሦስተኛው ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ፊልም የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። አምስት ጊዜ መመለስ የማትችሉበት ቦታ ላይ ያለ ታሪክ የቱንም ያህል ቢያጓጓ ለኮርስ አይሆንም።

ታንኳው ካልሳባችሁ ከተማው ሌላ ሞልቶታል። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኞች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ አንዲት እናት የማሽኑን ድምፅ ስታስታውስ መስማት ብቻ ፊልም ነው። ዓሣ ወደሚራገፍበት ዳርቻ ብትሄዱ ቆሮሶና አምባዛ የሚበልቱ ወጣቶችን፣ ከእጃቸው የሚጣለውን የሚጠብቁ ፔሊካኖችንም ታገኛላችሁ። ዘጌ ላይ በበሬ አይታረስም፤ ኑሮው የቆመው በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡና ላይ ነው፤ አንድ ገበሬ በለቀማ ሰሞን መከተል ይቻላል። እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደተቀረጸ መቁጠር ያዳግታል። እሱን ከመረጣችሁ አረሙን ከላይ ከማሳየት ይልቅ መረቡን ከአረሙ ውስጥ የሚያላቅቅ አንድ አጥማጅ ፈልጉ።

ያለ ካሜራ መሄድ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጉብኝቶች ካሜራ ሳትይዙ አድርጉ። ይህን ስናገር ተማሪዎች ጊዜ የማባክንባቸው ይመስላቸዋል። ካሜራ ቀድሞ ከደረሰ ግን ሰው ለካሜራው ይናገራል፤ እናንተን ገና አያውቃችሁም። ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ የማን ልጆች እንደሆናችሁና ምን እንደምትማሩ ተናግራችሁ ቁጭ በሉ። ቡና ከተፈላ ጠጡ። ታንኳ ሠሪው ደንገሉን ሲያስር አንድ ጊዜ እስኪጨርስ ተመልከቱ። ምን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ካላወቃችሁ በቀረጻው ቀን ዋናው ቅጽበት ከጀርባችሁ ያልፋል።

ማስታወሻ ደብተር ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ሥራው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ በየሰዓቱ የሚሰማው ድምፅ፣ በቦታው ላይ የማን ቃል እንደሚሰማ። የመጨረሻውን አትናቁት። ብዙ ጊዜ ፈቃድ የሚሰጠው በእናንተና በባለታሪኩ መካከል ዝም ብሎ ቆሞ የሚመለከታችሁ ሌላ ሰው ነው።

የቀን መቁጠሪያም ያዙ። እኛ አንድ ጊዜ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር ለሃያ አንድ ቀን ቀጠሮ ይዘን ነበር፤ የማርያም ዕለት መሆኑን ከአምስታችን አንዳችንም አላሰብንም። ማለዳ ስንደርስ ታንኳው ዛፍ ተደግፎ ብቻውን ቆሞ ጠበቀን። አሥራ ሁለትን፣ ሃያ አንድንና ሃያ ሦስትን ከመቅጠራችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሙስሊም ቤተሰብ ጋር ከሆነ ዓርብን እኩለ ቀን ላይ ለጁምዓ ተዉ። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ገበያውም መልኩን ይለውጣል፤ ለፊልማችሁ ሊጠቅምም ሊጎዳም ይችላል።

ሌላም አለ። ታንኳ የሚሠሩት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ሌላው የከተማ ሰው በሚጠራቸው ስም ሁሉ አይደሰቱም። ራሳቸውን ማን ብለው እንደሚጠሩ ከራሳቸው ስሙ፤ በፊልሙ ላይ የምትጽፉትም እሱን ይሁን።

ደብዳቤና ፈቃድ

ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ አውጡ። ማኅተም ያለበት፣ የቡድኑ አባላት ስም የተዘረዘረበት፣ ቀኑ ያላለፈበት ይሁን። ዋናውን አንድ ሰው ይያዝ፤ አምስት ቅጂ በቦርሳ ይኑር። ቀበሌው አንዱን፣ የአጥማጆች ማኅበር ካለም ሌላውን ይወስዳል። ዳርቻው ላይ ማንነታችሁን የሚጠይቅ ጥበቃ ሲመጣ ደግሞ ደብዳቤው ግማሽ ሰዓት ክርክር ያስቀርላችኋል።

ከባለታሪኩ የምታገኙት ፈቃድ የተለየ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ ፊልሙ የት እንደሚታይ ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩት፦ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው? ወይስ በይነመረብ ላይም ይወጣል? ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት ዘርግቶ ይፈርሙልኝ ማለት አያስከብርም። በቃላችሁ አስረድታችሁት፣ እሽታውን በራሱ አንደበት ካሜራ ፊት ይናገር። ለልጆች የወላጅ እሽታ ያስፈልጋል። በመካከል ሐሳቡን ቢለውጥም "እሺ ብለውን ነበር እኮ" አትበሉት።

ገዳም ውስጥ ለመቅረጽ አስተዳዳሪውን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ በር ላይ ያገኛችሁት ዲያቆን "ግቡ" ስላለ አይበቃም። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም። ካሜራ የምትይዘው ልጅ ሴት ከሆነች እሷን ጀልባ ላይ ትቶ ካሜራውን ለሌላ ከመስጠት ሴቶችም የሚገቡበትን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መምረጥ ይሻላል። ፍላሽ አታብሩ፤ ጠንካራ ብርሃን የግድግዳ ሥዕልን ቀለም ይጎዳል፤ ጸሎትም ይረብሻል። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሡ። ድልድይ፣ አየር ማረፊያና የኃይል ማመንጫ ላይ ካሜራ ከማቅናታችሁ በፊትም ጠይቁ።

ገንዘብን በተመለከተ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ለቃል አይከፈልም፤ ለጠፋ የሥራ ሰዓት ግን ይታሰባል። ሰውየው ለእናንተ ሲል ግማሽ ቀን ከቆመ ለዚያ የሚገባውን በግልጽ ተነጋግራችሁ ስጡ፤ ይህንንም በሪፖርታችሁ ላይ ጻፉት።

ዕቅዱ በአንድ ገጽ ይለቅ

ላዩ ላይ ጥያቄው፣ ከሥሩ ባለታሪኩ፣ ከዚያ ያለ እነሱ ፊልሙ የማይቆምባቸው አምስት ወይም ስድስት ትዕይንቶች። ለታንኳው፦ ደንገል ቆረጣ፣ ሸክም፣ ማሰር፣ ውሃ ላይ መጣል፣ ቤት፣ ቃለ መጠይቅ። የሥራ ድርሻም እዚያው ላይ ይጻፍ፤ ካሜራ፣ ድምፅ፣ ጠያቂ፣ ማስታወሻ ያዥ። ድምፁን የያዘ ሰው ሌላ ሥራ አይኑረው። ከስድስቱ ሳምንት ሁለቱን ለጉብኝትና ለፈቃድ፣ አንዱን ለቀረጻ፣ ሦስቱን ለቅንብር መድቡ። ተማሪ ሁሉ የሚገለብጠው ይህን ነው፤ ቅንብሩን ለመጨረሻዎቹ ሦስት ሌሊቶች ይተወዋል፤ በሁለተኛው ሌሊት መብራት ይጠፋል።

ካሜራው

ስልክ ይበቃል። ጥራቱን 1080 ላይ፣ ፍጥነቱን በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ላይ አድርጉ። ሸተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ በእጅ የሚያስተካክል መተግበሪያ ካላችሁ 1/50 ላይ ቆልፉት። ምክንያቱ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ መሆኑ ነው፤ በሴኮንድ 30 ፍሬምና በ1/60 ስትቀርጹ የቤት መብራት ምስሉ ላይ ሲርገበገብ ታያላችሁ፤ በቅንብር ጊዜ ደግሞ ማጥፋቱ ያስቸግራል። 4ኬ የሚለውን ፈተና እለፉት፤ ኮምፒውተራችሁ አይሸከመውም። በ1080 የአንድ ሰዓት ቀረጻ እንደ ስልኩ ዓይነት ወደ 8 ጊጋባይት ሊደርስ ስለሚችል ማለዳ ከመውጣታችሁ በፊት ማኅደሩን አራግፉ፤ ስልኩን የበረራ ሁኔታ ላይ አድርጉ፤ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። በጣት ቅባት የደበዘዘ ምስል ያህል የሚያናድደኝ ነገር የለም፤ ለማስቀረት አንድ ሴኮንድ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ሐይቁ ራሱ አንድ ወጥመድ አለው። ውሃው ያበራል። ሰውየውን ውሃውን ከጀርባው አድርጋችሁ ስታቆሙት ስልኩ ለውሃው ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊቱም ይጠቁራል። ፊቱን ስክሪን ላይ ነክታችሁ ቆልፉ፤ ውሃው ነጭ ቢሆን ይሁን። ከዚህ የተሻለው መፍትሔ ግን ሰዓት መምረጥ ነው። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ላይ ስላለች ወደ ውሃው ስታዩ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው። ጠዋት ፀሐይ ከቀኛችሁ፣ ማታ ከግራችሁ ትመጣለች፤ ይህ የጎን ብርሃን የፊትን መስመር፣ የደንገሉን ዘንግ አንድ በአንድ ያወጣዋል። በጥር ፀሐይ የምትወጣው 12፡45 አካባቢ ነው፤ ከዚያ እስከ 2፡30 ያለውን ጊዜ አታባክኑት። በሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን የዓይን ጉድጓድ ሁሉ ጥቁር ይሆናል፤ ያኔ ከዛፍ ጥላ ሥር ግቡ ወይም ምሳችሁን ብሉ።

ድምፅ

ተመልካች የተንቀጠቀጠ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ቃል ግን አይታገሥም። ይህን የተማርሁት በክፉ መንገድ ነው። አንድ አዛውንት ከሰዓት በኋላ ውሃው ዳር ተቀምጠው፣ ልጅ ሳሉ በታንኳ ማገዶ ጭነው ወደ ከተማ ሲመጡ ስላዩት ነገር ለአንድ ሰዓት ነገሩኝ። ማታ ሳዳምጠው ከነፋስ በቀር ምንም አልነበረም። ቃላቸው እንደ ዕንጨት ፍልጥ ተቆራርጦ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። ደግሜ ስሄድ በትሕትና ያንኑ ነገሩኝ፤ ግን ያን ቀን ያለቀሱበት ቦታ ላይ በዚህኛው ቀን አላለቀሱም።

ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ማዕበሉም ይከተላል። ስለዚህ ከቤት ውጭ የሚደረግ ንግግር ሁሉ ከረፋዱ በፊት ይለቅ። ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ግዙ ወይም ተዋሱ፤ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይሰካ፤ ጸጉራም የነፋስ መከላከያ ይልበስ። ማይክሮፎን ከሌላችሁ ሁለተኛ ስልክ በድምፅ መቅጃ ሁኔታ ላይ አድርጋችሁ በሰውየው የደረት ኪስ አስገቡት። ሁለቱም መቅዳት ከጀመሩ በኋላ ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ በቅንብር ጊዜ ምስሉንና ድምፁን የምታገጣጥሙት በዚያ ጭብጨባ ነው። የድምፅ ያዡ ማዳመጫ ከጆሮው አይውረድ። የድምፁ መጠን ከፍ ሲል ከ -12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል ይዋልል፤ ዜሮን ከነካ ተሰብሯል፤ አይጠገንም።

ከእያንዳንዱ ቦታ ከመነሣታችሁ በፊት ሁላችሁም ዝም ብላችሁ የአንድ ደቂቃ ባዶ ድምፅ ቅዱ፦ የውሃው ልፈፋ፣ የሩቅ ባጃጅ፣ ወፉ። ይህ ድምፅ በኋላ በሁለት ቁርጥራጭ መካከል የሚፈጠረውን ጉድጓድ የምትሞሉበት አፈር ነው።

የእጅ ሥራን መቅረጽ

ታንኳ ሠሪው ደንገሉን ሲያስር ካሜራ ይዛችሁ ዙሪያውን አትዙሩ። ቁሙ። አንድ ምስል ያዙ፣ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ። መጀመሪያ እጁ፦ ገመዱ በደንገሉ ሥር አልፎ ሲወጣ፣ በእግሩ ረግጦ ሲስበው፣ ነዶው ሲጠብብ። ቀጥሎ ፊቱ፤ ሲስብ ጥርሱን ይነክሳል ወይስ ይናገራል? ከዚያ እሱ የሚያየው ነገር። ከዚያ ርቃችሁ ሰውየውን፣ ታንኳውንና ውሃውን በአንድ ላይ። በመጨረሻ ያልጠበቃችሁት አንድ ነገር፤ የተቆረጠው የደንገል ጫፍ ውስጡ ነጭ መሆኑ፣ ወይም ሥራውን ከዳር ቆሞ የሚመለከት ልጅ። ሥራው ተደጋጋሚ መሆኑ ለእናንተ ጸጋ ነው፤ የመጀመሪያው እሥር ላይ እጁን ቀርጻችሁ በአምስተኛው ላይ ፊቱን ብትቀርጹ በቅንብር አንድ ይሆናሉ። "እስቲ ይድገሙልን" ማለት አያስፈልጋችሁም።

ድርጊቱ ምስሉ ውስጥ ይጀመር፣ ምስሉ ውስጥ ይለቅ። ሰውየው ታንኳውን ወደ ውሃ ሲገፋ ካሜራውን ይዛችሁ አትከተሉት፤ ከምስሉ እስኪወጣ ጠብቁት። ባዶው ውሃ ላይ ሦስት ሴኮንድ ቆዩ። ወደሚቀጥለው ትዕይንት የሚያሻግራችሁ እሱ ነው።

ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ይደርቃል፤ እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ይህን ማንም ተራኪ መናገር የለበትም። ማለዳ ቀሎ ሲገባና ማታ ውሃ እያንጠባጠበ በሁለት ሰው ተጎትቶ ሲወጣ ብታሳዩ በቂ ነው።

ጀልባ ላይ ከወጣችሁ ዋጋውንና የመመለሻ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳትለብሱ አትነሡ፤ ስልኩን በገመድ እጃችሁ ላይ እሰሩ። ጀልባ ነጂው "እንመለስ" ካለ ተመለሱ፤ ነፋሱን የሚያውቀው እሱ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ለአንድ ምስል ብላችሁ ሸምበቆ ውስጥ አትግቡ።

ቃለ መጠይቅ

ከሥራው በኋላ አድርጉት። ሰው ሥራውን ሲጨርስ፣ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ፣ ንግግሩ ከገላው ይወጣል። ጠያቂው ከካሜራው አጠገብ፣ በዓይን ልክ ይቀመጥ፤ አዛውንቱ መሬት ላይ ከሆኑ እናንተም መሬት ላይ።

ካሜራ ሲበራ ብዙ ሰው የዜና አማርኛ መናገር ይጀምራል። "በአሁኑ ወቅት የተለያዩ ችግሮች ይስተዋላሉ" ካለ ካሜራውን አስቧል ማለት ነው። ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የጥያቄው ነው። "ሥራው ከባድ ነው?" ካላችሁት "አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላችኋል፤ አለቀ። ይልቁንስ እንዲህ በሉ፦ "አባባ፣ ዛሬ ማለዳ ከቤት ሲወጡ ጀምሮ የሠሩትን ይንገሩኝ።" ወይም፦ "የመጀመሪያዋን ታንኳ ለብቻዎ ያሰሩ ቀን ማን ነበር አብሮዎ?" ቀን፣ ቦታና ሰው የሚጠይቅ ጥያቄ ታሪክ ያመጣል። መልሱ ሲያልቅ ወዲያው ሌላ አትጠይቁ፤ አምስት ሴኮንድ ዝም በሉ። ጥሩው ነገር የሚመጣው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው። በዚያ መካከል "እሺ… እህ…" እያላችሁ አትመልሱ፤ ድምፃችሁ ቃላቸው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ራሳችሁን ነቅንቁ፣ ይበቃል።

ማታ ማታ

የቀኑን ቀረጻ ሳትገለብጡ አትተኙ። አንዱ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላው በሌላ ሰው እጅ ባለ ዲስክ ላይ። ሁለቱም ቅጂዎች ተከፍተው ሲጫወቱ ካላያችሁ በቀር ከስልኩ አታጥፉ።

ቅንብር

ሶፍትዌሩን ሳትከፍቱ በወረቀት ጀምሩ። ቃለ መጠይቁን በሙሉ ከነደቂቃው ጻፉት። የአንድ ሰዓት ንግግር መጻፍ አራት ወይም አምስት ሰዓት ይበላል፤ ስለዚህ ተካፈሉት። ከዚያ ያለ እነሱ ፊልሙ የማይሆንባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አስምሩ፤ ቆርጣችሁ ወለል ላይ ደርድሩ፤ ቦታ አለዋውጡ። ስምንት ደቂቃ ፊልም ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ንግግር ቢይዝ በቂ ነው፤ የቀረው እጅ፣ ውሃና ዝምታ ይሁን።

አማርኛ ስትቆርጡ አንድ አደጋ አለ። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው፤ እሽታውም እምቢታውም የሚታወቀው እዚያ ነው። አንድ ሰው "ማኅበሩ ረድቶናል ለማለት ይከብደኛል" ካለና እናንተ "ረድቶናል" ላይ ከቆረጣችሁ ሰውየው ያላለውን፣ እንዲያውም ተቃራኒውን አስብላችሁታል። ድምፁም ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ እየወረደ "ነው" እና "ነበር" የሚዋጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ መቁረጫችሁን ከግሱ በኋላ፣ ትንፋሹን ጨምራችሁ አስቀምጡ። የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ካስገባችሁም ተጠንቀቁ፤ በእንግሊዝኛ ግሱ ቀድሞ ስለሚመጣ ሰውየው ገና ሳይደርስበት አንባቢው ፍጻሜውን ያውቀዋል። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፍላችሁ ሁለተኛውን ክፍል ከግሱ ጋር አውጡት።

ሶፍትዌሩን በኮምፒውተራችሁ አቅም ምረጡ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ እትም አለው፤ ነገር ግን ጠንካራ ማሽን ይፈልጋል። ሾትካት ወይም ኬደንላይቭ በደካማ ላፕቶፕ ላይ ይቀላሉ፤ ስልክ ላይ ካፕከት ይሠራል። ስልክ የቀረጸው ምስል የፍሬም ፍጥነቱ ወጣ ገባ ስለሚል ድምፁ ቀስ በቀስ ከአፍ እየራቀ ሊሄድ ይችላል። ይህን ካያችሁ ፋይሎቹን ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ቋሚ 25 ፍሬም አድርጋችሁ ቀይሩ፤ ከዚያ ቅንብሩን ጀምሩ። ይህን የምታደርጉት በመጀመሪያው ቀን እንጂ በመጨረሻው አይሁን።

የመጀመሪያው የምስል ድርደራ አሥራ አምስት ደቂቃ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን። ለሁለት ቀን አስቀምጡት። ስትመለሱ አንድ ትዕይንት አውጥታችሁ እዩ፤ ፊልሙ ሳይጎድል ከቆመ ትዕይንቱ ከመጀመሪያውም አላስፈለገም። ጀንበር ስትጠልቅ የቀረጻችሁት ምስል ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ አውቃለሁ፣ ያምማል።

ትረካ መጻፍ ካለባችሁ ምስሉ የሚያሳየውን አትድገሙ። እጁ ደንገል ሲያስር እየታየ "እጃቸው ደንገል ያስራል" አይባልም። ምስሉ የማይችለውን ብቻ ተናገሩ፦ ለምሳሌ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡን። ትረካው በአንድ ትንፋሽ በሚነበብ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ቀጂው ብርድ ልብስ የተንጠለጠለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ያንብበው።

ሙዚቃ ላይ እጃችሁ ይጠር። የታወቀ ዘፈን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማስገባት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀን መብት የሚነካ ጉዳይ ነው፤ ደግሞም ዘፈኑ ሲገባ ፊልማችሁ የዘፋኙ ይሆናል። ከግቢያችሁ ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ልጅ ፈልጋችሁ ሁለት ደቂቃ ብታስቀዱ የራሳችሁ ነገር ይኖራችኋል፤ ስሙንም መጨረሻ ላይ ጻፉለት።

ስለ ስም ከተነሣ፦ የግእዝ ፊደል በማያውቅ ፎንት የተጻፈ ስም ወደ አራት ማዕዘን ሣጥን ይለወጣል። የእኛ ፊልም በክፍል ፊት ሲታይ የባለታሪካችን ስም በስድስት ነጭ ሣጥኖች ተጽፎ ወጣ፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን ነበር ያለቀለት ፋይል አድርገን ያወጣነው። ኒያላን፣ አቢሲኒካን ወይም ኖቶ ኢትዮፒክን ጫኑ፤ ፊልሙን ካወጣችሁ በኋላም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሌላ ማሽን እዩት። በ1080፣ በሴኮንድ በ12 ሜጋቢት አካባቢ ስታወጡት ስምንት ደቂቃው 700 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል በፋት 32 በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ አይገባም፤ ሙሉ ቀረጻውን አብራችሁ የምታስረክቡ ከሆነ ፍላሹን አስቀድማችሁ ኤክስፋት አድርጉት።

ከማስረከባችሁ በፊት

መምህሩ ከማየቱ በፊት ባለታሪኩ ይየው። ላፕቶፕ ይዛችሁ ሐይቁ ዳር ውረዱ፤ ፀሐይ ስክሪኑን ስለሚያጠፋው ግድግዳ ተጠግታችሁ ወይም ጋቢ አጥልታችሁ አሳዩት። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ይሰበሰባል፤ ተዉአቸው። ሲያይ እሱን እዩት፤ የት ላይ እንደሚስቅ፣ የት ላይ ዓይኑን እንደሚያነሣ ጻፉ። የተሳሳተ ነገር ካለ፣ የገመዱን ስም ወይም የቦታውን አጠራር፣ እሱ ያርማችኋል። እኔ ከረዳኋቸው ቡድኖች አንዱ ይህን ሲያደርግ ሰውየው አንድ ቦታ ላይ አስቆማቸው። "ይህቺ ታንኳ የእኔ አይደለችም" አለ፤ "የወንድሜ ናት፣ እኔ የማስረው በሌላ በኩል ነው።" ልጆቹ ሦስት ወር አብረውት ውለው አላዩትም ነበር። ዶርም ገብተው ያንን ምስል አወጡ፤ በማግስቱ ማለዳ ትክክለኛዋን ቀረጹ። ፊልሙን ሲያስረክቡም አንድ ቅጂ አሳንሰው፣ በልጁ ስልክ ላይ ጭነውለት ተመለሱ።